ካርታዬ ለምን ማሳ ላይ ያሳየኛል? ምድርን ስለመለካት ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ጎረቤቶቼ። ቀያሽ ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሰሞኑን ኮዬ ፈጬ መንገድ ዳር መሣሪያዬን ተክዬ ስለካ ሰው ከበበኝ። አንዱ ስለ ካርታው፣ አንዷ ስለ መሬት መንቀጥቀጡ፣ ሌላው «እነዚህ ፈረንጆች መሬታችንን የሚለኩት ለምንድነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ መሸ። በጣም ደስ አለኝ፤ ሥራዬን እንዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ አላገኝም። «ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ሁሉንም እመልሳለሁ» አልኳቸው፤ ይኸው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የይዞታ ካርታዬ ላይ ያለውን ኮኦርዲኔት (የቦታ ቁጥር) ስልኬ ላይ ሳስገባው ግቢዬን ትቶ ማዶ ያለ የጤፍ ማሳ ላይ ያሳየኛል። መሬቴን ወስደውብኝ ይሆን?

አይዞህ ወንድሜ፣ መሬትህ ቦታው ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤት ሲካሰስ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ፈረንጅ «ጠዋት ስምንት ሰዓት» ብሎ ቢቀጥርህና አንተ በእኛ ስምንት ሰዓት ብትሄድ ስድስት ሰዓት አርፍደሃል። የማንኛችሁም ሰዓት አልተበላሸም። መቁጠር የጀመራችሁበት ነው የሚለያየው። ካርታም እንደዚያው ነው። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የሚቆጥሩት አዲንዳን ከሚባል መነሻ ነው። ስልክህ ደግሞ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ዓለም አቀፍ መነሻ ይጠቀማል። በእኛ አካባቢ የሁለቱ ልዩነት ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ነው። የአዲንዳኑን ቁጥር ሳትለውጥ ስልክህ ላይ ስትጽፈው ግቢህን ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወስድብሃል። ማሳው ከቤትህ በየት በኩል ነው? ደቡብ ምዕራብ ከሆነ ነገሩ ተፈታ ማለት ነው።

የካርታህን ጠርዝ እይ፤ መነሻው እዚያ ይጻፋል። ካልተጻፈ የሰጠህን ቢሮ ጠይቅ። ብቻ አደራህን፣ በስልክ ለክተህ አጥር እንዳታንቀሳቅስ። ስልክ በራሱ ጥቂት ሜትር ይስታል፤ በእኛ ሰፈር ጥቂት ሜትር ማለት አንድ ሱቅ ነው።

ጥያቄ (ከገላን)፦ አዲንዳን ምንድነው? ለምን የራሳችን ቦታ አልሆነም?

ጥሩ ጠየቅህ። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ የኑቢያ ስፍራ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው። በ1879 ዴቪድ ጊል የሚባል በኬፕ ታውን የሚሠራ የሥነ ፈለክ ሰው ከደቡብ አፍሪካ እስከ ግብፅ ድረስ በ30ኛው የኬንትሮስ መስመር ላይ ተራራን ከተራራ በማዕዘን እያያዙ መለካት ይቻላል ብሎ ተነሣ። አስበው፣ ያኔ ሳተላይት የለም። አንዱ ተራራ ላይ ሆኖ ቴዎዶላይት የሚባል የማዕዘን መለኪያ ይዞ ያያል፣ ሌላው ማዶ ሆኖ በመስተዋት ፀሐይ ያንጸባርቅለታል። ሁለት የዓለም ጦርነት መሃል ገባ። ሱዳን ውስጥ የቀረችው የመጨረሻ ክፍተት የተዘጋችው በ1954 በአሜሪካ ጦር ካርታ ሠሪዎች ነው። ጊል ከሞተ 40 ዓመት ሆኖት ነበር።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያና አሜሪካ አባይ ተፋሰስን አብረው ሲያጠኑ መጀመሪያ መለካት ነበረባቸው። ለመለካት ደግሞ የተረጋገጠ መነሻ ያስፈልጋል፤ ቅርብ የነበረው ከአዲንዳን የሚነሣው የሱዳኑ የልኬት ነጥቦች መረብ ነው። ከዚያ ተያያዘ። የእኛ ሰፈር ካርታ ላይ ያለው ቁጥር ሥሩ ኑቢያ የሆነው እንዲህ ነው። ሸዋ ውስጥ ከዚያ በፊት መሬት የሚለካው በቃላድ ነበር። ገመዱ ጋሻ መሬት ለመከፋፈል ይበቃል፤ ሁለት አገር ለማገናኘት ግን አይበቃም።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ መረጃችንን ወስደው ምን ያደርጉበታል? እኛስ ምን አገኘን?

ይህን ጥያቄ አልንቀውም። ለረጅም ጊዜ ፈረንጅ መጥቶ ለክቶ፣ ውጤቱ እሱ አገር ታትሞ፣ እኛ በኋላ ነው የምንሰማው። አንትዋን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ አሳሽ ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል አገራችንን ዞሮ ከጎጃም እስከ ከፋ በማዕዘን ለካ፤ ድካሙ የሚደነቅ ነው፣ ውጤቱ ግን ፓሪስ ነው የታተመው። ስለዚህ ጥርጣሬህ ከባዶ አልመጣም።

አሁን ያለው አሠራር ግን ሌላ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይት 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራል። ሰዓቱ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ቢሳሳት ልኬቴ በ30 ሳንቲ ሜትር ይሳሳታል። ያንን ስህተት ለማረም ሳተላይቱን ከየአቅጣጫው ሁልጊዜ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል፤ አሜሪካ ብቻዋን ሆና አታየውም፣ ቻይናም አታየውም። ስለዚህ ከ1994 ጀምሮ የብዙ አገር ተቋማት ጣቢያዎቻቸውን አስተሳስረው የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ አገልግሎት አለ። በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች አሉት፤ መረጃው ለሁሉም በነፃ ነው። ከእነዚህ አንዷ እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ ናት፤ በዓለም ዝርዝር ላይ ስሟ «አዲስ» ነው። ጅቡቲ ውስጥ ፈረንሳዮች የሚመሩት የሌላ ዘዴ ጣቢያ አለ። ደቡብ አፍሪካ ሃርትቢስትሁክ ላይ ደግሞ 26 ሜትር ስፋት ያለው ሳህን እጅግ ሩቅ ካሉ የሰማይ አካላት የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ እየያዘ ምድር እንዴት እንደምትዞር ይለካል። የሁሉም ውጤት ተጣምሮ ነው አንድ የዓለም መነሻ የሚወጣው። በየካቲት 2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አገሮች በዚህ እንዲተባበሩ ውሳኔ ያሳለፈው ለዚህ ነው።

እኔ ጠዋት ገላን ላይ መሣሪያዬን ስተክልና በሳንቲ ሜትር ልክ የሆነ ቁጥር ሳገኝ የእነዚያን ሁሉ ሰዎች ሥራ እየተጠቀምኩ ነው። እኛ ብንዘጋ የሚጎድለው የእኛው ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው፦ መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪ ሲያልቅ፣ ኬብል ሲቆረጥ የአንድ ጣቢያ የቀናት ልኬት ይቀራል፣ የቀረ ቀን ደግሞ ተመልሶ አይለካም። መረጃውን ራሳቸው የሚተነትኑ ልጆች በብዛት ያስፈልጉናል። ያኔ ስለመወሰድ ማውራት እናቆማለን።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም)፦ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ያን ጊዜ ሌሊት አልጋዬ ሲወዛወዝ ልጄን አቅፌ ወረድኩ። ሳተላይት ቀድሞ ሊነግረን አይችልም ነበር?

እህቴ፣ እኛም ወርደናል። ቀኑንና ሰዓቱን ቀድሞ የሚነግር መሣሪያ በዓለም ላይ የለም፤ «አውቃለሁ» የሚልሽን አትመኚው።

ሳተላይት የሚነግረን ከሥር ምን እየሆነ እንዳለ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ማግማ (የቀለጠ አለት) ከመሬት ሥር እንደ ሽብልቅ እየገባ አለቱን ይሰነጥቅ ነበር። ትልቁ መንቀጥቀጥ በየካቲት 14 ቀን 2025 ሬክተር 6 ደረሰ። የአውሮፓው ሴንቲኔል 1 ሳተላይት በራዳር ያንን ቦታ ደጋግሞ ያነሣል፤ በተለያየ ቀን የተነሡ ሁለት ምስሎችን ስታነጻጽሪ መሬቱ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ያለበት በቀለም ቀለበት ይታያል። ምስሉ በነፃ ስለሚለቀቅ የእኛም የውጭዎቹም ተመራማሪዎች እኩል ያዩታል።

በ2005 አፋር ደባሁ ላይ ከዚህ የባሰ ሆኗል፤ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በተለመደው ጊዜ ስምጥ ሸለቆው እዚህ እኛ ጋ በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው የሚሰፋው፤ የጥፍርሽን እድገት እንኳ አያክልም። ያንን ሚሊ ሜትር ለማወቅ የኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ ሰዎች አንድ ነጥብ ላይ ለዓመታት እየተመላለሱ ለክተዋል።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከአቃቂ)፦ ራስ ደጀን 4,620 ነው ወይስ 4,550?

እኔም የተማርኩት 4,620 ነው። በአሁኑ ልኬት 4,550 አካባቢ ነው። ተራራው አላጠረም፤ የድሮው መለኪያ ነው የተሳሳተው። ደግሞ «ከባሕር ጠለል በላይ» ሲባል የማን ባሕር እንደሆነ ጠይቅ። ባሕር የሌለው አገር ከፍታውን ከሌላ አገር ጠረፍ ተቀብሎ እየተሸከመ ማምጣት አለበት። ይህም ያለ ጎረቤት የማይሆን ሥራ ነው።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ የህዳሴው ግድብ ውሃ ክብደት ከሰማይ ይታያል የሚባለው እውነት ነው?

ክብደት ይለካል፣ አዎ። የአሜሪካና የጀርመን ሁለት ሳተላይቶች 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ይከታተላሉ። ከሥራቸው ብዙ ውሃ ወይም አለት ሲኖር ስበቱ መጀመሪያ ፊተኛውን፣ ቀጥሎ ኋለኛውን ይጎትታል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልክ ቢለዋወጥ እንኳ መሣሪያቸው ይለየዋል። ግድቡ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው የሚይዘው፤ ያ ማለት 74 ቢሊዮን ቶን።

ጥያቄ (ከሱሉልታ፣ ልጃቸው የጻፈላቸው እናት)፦ ከብቶቻችን የሚውሉበት ጉብታ ላይ ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ ክብ ብረት አለ። ቆራሌው እገዛዋለሁ ይላል። ልሽጠው?

እማማ፣ በማርያም እንዳይሸጡት! ያ ብረት የቅየሳ ነጥብ ሳይሆን አይቀርም። መሃሉ ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት ወይም ጭረት ካለ፣ ዙሪያውንም ፊደልና ቁጥር ከተቀረጸበት እርግጥ ነው። የዚያን ብረት ቦታ ሰዎች ተራራ ወጥተው ሌሊት በብርድ አድረው ነው የለኩት።

ለዓመታት የምጠቀምበት አንድ ነጥብ ነበረኝ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ። አንድ ቀን መሣሪያዬን ተሸክሜ ስወጣ ዶዘር ገፍቶት ስብርባሪ ሲሚንቶ ብቻ አገኘሁ። ጠጠሩን በእጄ እያነሣሁ ብረቱን ፈለግሁት፤ የለም። ያን ነጥብ ከሩቅ ነጥብ ተነሥቼ እንደገና ለማምጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ያውም የጠፋውን አልተካውም፤ የድሮው ልኬት ሁሉ የተያያዘው ከእሱ ጋር ነበርና።

ልጅዎ ፎቶ አንሥቶ ለወረዳው መሬት አስተዳደር ያሳይልን፤ እነሱ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ያስተላልፉታል። እኔም ጭቃው ደረቅ ሲል በቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ። እስከዚያ ከብቶቹ እንዳይረግጡት እሾህ ጣል ያድርጉበት።