ቦክሰሬን በአሮጌ ዲቲ ልለውጥ?

ጥያቄ፦ ባጃጅ ቦክሰር ሞተር አለኝ። የሰፈሬ ሰው በአሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 እንለዋወጥ ይለኛል፣ ጭማሪም አልፈልግ አለ። ምን ምን ልይ? ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጠዋት ሂድና መጀመሪያ ሞተሩን በእጅህ ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ሲቀዘቅዝ አልነሳ የሚል ሊሆን ስለሚችል እስኪበርድ ቁጭ በል። ከዚያ የእግር መምቻውን በእጅህ ቀስ ብለህ ተጫነው። ምንም ሳይታገልህ ከወረደ ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቀው ሊሆን ይችላል።

ጭሱ አያስደንግጥህ። ዲቲ ቱ ስትሮክ ነው፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥላል፣ ሲነሳ ትንሽ ማጨሱ ያለ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የዘይት ፓምፑ ነው። አንዳንዱ ነቅሎት ዘይቱን ራሱ ቤንዚን ውስጥ ይቀላቅላል፤ አንተ ይህን ሳታውቅ ባዶ ቤንዚን ሞልተህ ከነዳኸው ሞተሩ ይነክስብሃል፣ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው። ስለዚህ በግልጽ ጠይቀው።

ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ ላይ ወደ ኋላ ሳበው፤ ብዙ ከተነሳ ያረጀ ነው። የፊት ሾክ ዘይት ያንጠባጥባል ወይ?

ሊብሬው በራሱ ስም ይሁን። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን አንድ በአንድ አመሳክር። የተፋቀ ቁጥር ካየህ፣ እባክህ፣ የቱንም ያህል ቢያምርህ ትተኸው ተመለስ።