ሴራሚክ ካፓሲተርዎ አልተበላሸም

ቻርጅ የመያዝ አቅሙ 10 ማይክሮፋራድ ተብሎ የተገዛው ሴራሚክ ካፓሲተር (ቻርጅ እያጠራቀመ የቮልቴጅ መዋዠቅን የሚያለዝብ ዕቃ) በእጅ መለኪያ ሲታይ ልክ ሆኖ፣ 12 ቮልት መስመር ላይ ሲገባ ግን የቮልቴጁን መዋዠቅ የማያጠራው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። ይኸው ጉዳይ ብዙ ያንገላታኝ ስለሆነ፣ ዕቃውን ከመጣልዎ በፊት የምጽፍልዎትን ይመልከቱ።

አንደኛ፣ የእጅ መለኪያ የሚለካው ካፓሲተሩ ላይ ቋሚ ቮልቴጅ ሳይኖር ነው። ውስጡ ያለው ባሪየም ታይታኔት ሲሆን፣ ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች የታይታኒየም አዮኖቹ በኦክስጅኖቹ መካከል ከመሐል ፈቀቅ ብለው ይቀመጣሉ። ትንሽ የኤሌክትሪክ መስክ በቀላሉ ስለሚያንቀሳቅሳቸው ካፓሲተሩ በጠባብ ቦታ ብዙ ቻርጅ ይይዛል። ቋሚው መስክ ሲበረታ ግን ወደ አንድ ወገን ተስበው ስለሚያዙ፣ በላዩ ለሚመጣው መዋዠቅ የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል። በውስጡ ከተደራረቡት ስስ የሴራሚክ ንብርብሮች የአንዱ ውፍረት 2 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ 12 ቮልት በሜትር 6 ሚሊዮን ቮልት የሚደርስ መስክ ይፈጥራል።

ሁለተኛ፣ «ኤክስ 7 አር» የሚለውን ምልክት ተማምነው አይቀመጡ። ምልክቱ ከዜሮ በታች 55 እስከ 125 ዲግሪ ባለው ሙቀት አቅሙ ከ15 በመቶ በላይ እንደማይለዋወጥ ይናገራል እንጂ ስለ ቮልቴጅ አንዳች አይልም። ዕቃውን የሸጠልን ድርጅት ግን ይህንኑ ምልክት እየጠቀሰ፣ «በብየዳ አቃጥላችሁት ነው» ሲል አቤቱታችንን መለሰው። ካልተሰነጠቀ በስተቀር የብየዳ ሙቀት ማዕድኑን ከ120 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው በጊዜ ብዛት የቀነሰውን አቅም ይመልስለታል፤ ይህን የማያውቅ ሻጭ ደንበኛን መወንጀሉ እስካሁን ያናድደኛል። ስለዚህ ራሴ ለካሁት። ካፓሲተሩን እስከ 12 ቮልት ሞልቼ፣ ምንጩን ነጥዬ፣ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እንዲፈስ አደረግሁና 11 ቮልት እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ በኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅ በጊዜ ሲለዋወጥ በሥዕል በሚያሳይ መሣሪያ) አነበብሁ። 10 ማይክሮፋራድ ቢሆን ኖሮ 8.7 ሚሊሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ የኛው በ3.5 ወረደ፤ ይህም 4 ማይክሮፋራድ ማለት ነው። ያንኑ ካፓሲተር ከ1 ቮልት በታች ስለካው ግን 10 ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የኦሲሎስኮፑን ሥዕል ከላክሁላቸው በኋላ ስለ ብየዳ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሲቀይሩ በዚያው መጠን ላይ የቮልቴጅ ደረጃውን ብቻ ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም፤ አካሉ ተለቅ ያለውን ይምረጡ፤ አምራቹም አቅሙ በቮልቴጅ እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳየውን ግራፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና 12 ቮልት ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። አቅሙ ፈጽሞ መለዋወጥ በሌለበት የሰዓት ወይም የማጣሪያ ሰርኪዩት ላይ ደግሞ «ሲ 0 ጂ» የሚባለውን ዓይነት ያስገቡ።