የሆኪ ቡድኑን ክፈይ፣ ሆቴሉን ግን አትክፈይ

እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የምጽፍልሽ በኮቪድ ዘመን፣ ኦገስት 2021 ላይ ነው። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ ነው ያነበብኩት። ልጅሽ 10 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስኳርት፣ ማለት እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ከሆነ የበረዶ ሆኪ ቡድን ጋር እየተጓዘ ሊጫወት ነው። የሆኪ ማኅበሩ እስከ ኦገስት መጨረሻ ሙሉውን ክፈሉ ብሏል። ሦስት ውድድር (ቶርናመንት) ከነሆቴሉ ተያይዞ መጥቷል። ዴልታ የሚባለው የኮቪድ ዓይነት ደግሞ በየሳምንቱ እየጨመረ ነው። «ልክፈል ወይስ ልጠብቅ?» ነው ያልሽው።

እኔ አምና እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል፣ በዚሁ ዕድሜ፣ በዚሁ ደረጃ ልጅ አጫውቻለሁ። 924 ዶላር እንደ ወጣ ቀርቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ዘንድሮ ሁሉንም ወረቀት ሁለት ጊዜ ነው የማነበው። አንቺ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስብሽ ብዬ ነው ዛሬ እንቅልፌን ትቼ የምጽፈው። ስለ በረዶ መንሸራተቻ ጫማው (ስኬት) እና ስለ መከላከያ ፓዱ አልነግርሽም፤ ያንን ካለፈው ዓመት ታውቂዋለሽ።

1. የማኅበሩን ክፍያ ክፈይ። የሆቴሉንና የቶርናመንቱን አትክፈይ።

ሁለቱ የተለያየ ገንዘብ ነው። ለእኔ ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ማኅበሩን የሚያስተዳድሩት እንዳንቺና እንደ እኔ ያሉ ወላጆች ናቸው። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚሄደው ለበረዶ ሜዳው (አይስ) የሰዓት ኪራይ ነው። አምና ሁሉም ነገር ሲቆም የእኔ ማኅበር ካልተጠቀምንበት ሰዓት 210 ዶላር በቼክ መልሶልኛል። ብዙ አይደለም፤ ግን ሳልጠይቃቸው ነው የላኩት። ቶርናመንት ግን ንግድ ነው። አዘጋጁ ሌላ፣ ሆቴል የሚይዘው ድርጅት ሌላ፣ ሆቴሉም ሌላ። ችግር ሲመጣ ሦስቱ አንዱ ወደ ሌላው ይመራሻል።

«ስቴይ ቱ ፕሌይ» የሚባለውን ነገር ሳትሰሚ አልቀረሽም። በእነሱ በኩል ክፍል ካልያዛችሁ ቡድናችሁ አይጫወትም ማለት ነው። የቡድናችን ማናጀር ሴፕቴምበር 2020 ላይ ሊንኩን ስትልክልን ሁላችንም በዚያው ቀን ከፈልን። ክፍሉ ያልቅብናል ብለን ተጣደፍን። እኔ ሌሊት ሺፍት ላይ ነበርኩ። በእረፍት ሰዓቴ በስልኬ ላይ ክሬዲት ካርዴን አስገባሁ። ከታች በትንሹ የተጻፈውን አላነበብኩትም። ሁለት ቶርናመንት፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሌሊት፣ ሌሊቱ ከነታክሱ 185 ዶላር። በዚያ ላይ የቡድኑ መመዝገቢያ ለአሥራ ሦስት ልጅ ተካፍሎ በየቶርናመንቱ 92 ዶላር ደረሰብን። ሁለቱም ዊስኮንሲን ነበሩ። አንዱ ዲሴምበር መጀመሪያ፣ ሌላው ከፈረንጅ ገና በኋላ።

ኖቬምበር 18 ረቡዕ ነበር። ልጄ ልምምድ ላይ ነው። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አስነስቼ ሬዲዮ እሰማለሁ። የሚኒሶታ ገዥ ቲም ዋልዝ ከዓርብ ሌሊት ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 18 የወጣቶች ስፖርት በሙሉ ቆሟል አሉ። ልጄ ስቲኩን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ፀጉሩ ከላቡ እየጨሰ ወጣ። ገና በሩን ሲከፍት «ማሚ፣ ኮቹ በቶርናመንቱ መጀመሪያ ከሚሰለፉት ነህ አለኝ» አለ። ቤት እስክንደርስ ምንም አልነገርኩትም። አልቻልኩም።

በማግስቱ መደወል ጀመርኩ። ሆቴሉ «ክፍሉን የያዘው ድርጅት ጋ ደውይ» አለ። ድርጅቱ «የቶርናመንቱ አዘጋጅ ካልሰረዘ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» አለ። አዘጋጁ ደግሞ በኢሜይል «ቶርናመንቱ አልተሰረዘም፤ የከለከላችሁ የራሳችሁ ስቴት ነው» ብሎ መለሰ። እንደገና ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። አርባ ሰባት ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። የሥራ እረፍቴ አልቆ አለቃዬ በበሩ እያየችኝ ነው። በመጨረሻ ያነሳችው ሴትዮ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ። «ልጅሽ እንዳይጫወት ነው እንጂ አንቺ ሆቴሉ ውስጥ እንዳትተኚ የከለከለሽ የለም።» ቃል በቃል። እኔ በዚያ ሳምንት ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሁለት ሰዎች ሞተውብናል። አንዷን ለሦስት ዓመት ፀጉሯን ያበጠርኩላት ናት። ያንን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ጃንዋሪ ላይ ኢሜይል መጣ። ገንዘቡ አይመለስም፤ ለሚቀጥለው ዓመት «ክሬዲት» ተይዞልሻል ይላል። ደስ አለኝ። ከዚያ ሳነበው ለዚያው ቶርናመንት፣ ለዚያው የዕድሜ ደረጃ፣ በዚያው ስም ብቻ ነው። ስኳርት ማለት እንግዲህ እስከ 10 ዓመት ነው። ልጄ ዘንድሮ ወደ ቀጣዩ ደረጃ፣ ወደ ፒዊ አልፏል። ታናሹም አይጫወትም። ለሌላ ቤተሰብ ላስተላልፈው ብል አይቻልም አሉ። እህቴ፣ «ክሬዲት እንሰጣለን» ሲሉሽ ገንዘብሽን የሚመልሱልሽ እንዳይመስልሽ። ልጅ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ «በክሬዲት ካርዴ ላይ በጥሬው የሚመለስ ነው ወይ? እስከ ስንት ቀን ድረስ? ስቴቴ ቢከለክል ይመለሳል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። በስልክ የተባለው አይያዝም።

2. ከሚኒሶታ አትውጪ።

ይህ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። ሁለት ስቴት ማለት ሁለት ገዥ፣ ሁለት ትዕዛዝ ነው። አምና ኖቬምበር ላይ ማሳቹሴትስንና ኒው ጀርሲን ጨምሮ ሰባት የሰሜን ምሥራቅ ስቴቶች ተስማምተው ከስቴት ስቴት የሚደረገውን የልጆች ሆኪ ዘግተውት ነበር። ስለዚህ የእኛ ቡድን ብቻ ላይ የደረሰ ነገር አይደለም። ዱሉዝ ወይም ሮቸስተር ብትሄዱ ቢያንስ የሚዘጋውም የሚከፈተውም በአንድ ሰው ፊርማ ነው። አዘጋጁም ራሱ ስለሚዘጋ «አልሰረዝንም» ሊልሽ አይችልም። ሮቸስተር ከሆነ ደግሞ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስም ይቻላል። ማናጀራችሁ ካናዳ ያለችውን ዊኒፔግ የምትል ከሆነ ዘንድሮ ይቅርባችሁ። ካናዳ ከዚህ ከኦገስት 9፣ 2021 ጀምሮ ሙሉ ክትባት የወሰደ አሜሪካዊ ታስገባለች፤ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ የተሠራ ምርመራ ትጠይቃለች። የአንድ ልጅ ውጤት ከዘገየ ጉዞው ተበላሸ።

ስለ ስቴት መሻገር ካነሳሁ አይቀር፣ አምና በእገዳው ጊዜ ኮቻችን ሃድሰን ላይ አይስ አግኝቻለሁ አለ። ሃድሰን ሴንት ክሮይ ወንዝን ተሻግሮ ዊስኮንሲን ነው፤ ከቤቴ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስምንት ቤተሰብ እሺ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። አንድ አባት «ልጅሽን ወደ ኋላ እያስቀረሽው ነው» ብሎ በግሩፑ ላይ ጻፈልኝ። እኔ ጠዋት የማጥባቸው፣ ማታ የማስተኛቸው የ90 ዓመት ሰዎች እንዳሉ ጻፍኩለት። ከዚያ ሌሎች ሁለት እናቶች «እኛም አንሄድም» አሉ። ጉዞው ቀረ። በዚህ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምለው።

3. አንድ ወር እንደሚጠፋ አስቢና አቅጂ።

ገዥው ባይዘጋው እንኳ ኳራንቲን ይዘጋዋል። አምና ኦክቶበር ላይ ከእኛ ቡድን አንድ ልጅ ተያዘ። አሥራ ሦስቱም ልጆች አሥራ አራት ቀን ቤት ተቀመጡ። የበረዶ ሜዳው (ሪንክ) ለኮቪድ የተመቸ ነው፤ ዝግ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ልጆቹ በኃይል ይተነፍሳሉ። ጁን 2020 ፍሎሪዳ፣ ታምፓ አካባቢ አዋቂዎች አንድ ጨዋታ ተጫውተው በአምስት ቀን ውስጥ ከ22ቱ ተጫዋቾች 14ቱና አንድ የሪንኩ ሠራተኛ ታመዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ራሱ ያወጣው ነው። ይህንን የምነግርሽ ልጅሽን አስቀሪው ለማለት አይደለም። ኳራንቲን ሲመጣ ማን ልጁን ይዞ ቤት ይቀመጣል የሚለውን ከባለቤትሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩበት። እኔና ባለቤቴ ያንን ያደረግነው ልጁ ሶፋ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። አራት ሺፍት አጥቻለሁ። አሁን፣ ኦገስት 2021 ላይ፣ 12 ዓመት የሞላው ሁሉ ክትባት ያገኛል። ቤትሽ ውስጥ ትልልቅ ልጆች ካሉ አስከትቢ። የእኛ ትንንሾቹ ገና አልተፈቀደላቸውም።

4. ልጅሽ መኪና ውስጥ ሊለብስ ይችላል።

አምና መልበሻ ክፍሎቹ ዝግ ነበሩ። ልጁ ለብሶ መጥቶ፣ ልምምዱ ሊጀምር 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚገባው። ከአንድ ልጅ ጋር አንድ ወላጅ ብቻ። በቀላሉ የሚሠራ ይመስላል። ጃንዋሪ ላይ፣ ዜሮ ፋራናይት ሲሆን፣ በሲየና መኪና የኋላ በር ተንበርክኮ የስኬት ክር ማሰርን ሞክሪው። ጓንት ካደረግሽ ክሩ አይጠብቅም። ካላደረግሽ ጣትሽ አይታዘዝም። እኔ የክር መሳቢያውን ብረት መንጠቆ ሦስት ዶላር ገዝቼ ነው የተገላገልኩት። አንድ ቁራጭ ያረጀ ምንጣፍም ከኋላ አንጥፊ፤ ስኬቱ አስፋልት ከነካ ስለቱ ይበላሻል። የሪንኩ መሸጫም ዝግ ስለነበር ቆሎ በላስቲክ፣ ሻይ በቴርሞስ እይዝ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የቡድኑ ልጆች ሁሉ ቆሎ ጠያቂ ሆነው ነበር። የበረኛው እናት እንዴት እንደሚቆላ ቤቴ መጥታ ተምራለች። ባለቤትሽ መግባት ካልተፈቀደለት «ላይቭ ባርን» የሚባለውን አፕ በስልኩ ያስገባ፤ ካሜራው ባለበት ሪንክ ሁሉ ጨዋታውን ከመኪናው ሆኖ ያየዋል።

የዲብስ (የበጎ ፈቃድ ሥራ) ቼክሽንም እንዳትረሺ። የበጎ ፈቃድ ሰዓትሽን ካልሞላሽ ማኅበሩ ያስቀመጥሽውን ቼክ ይመነዝረዋል። ሰው ሁሉ የጨዋታውን ሰዓት መያዙን ይሻማል። እኔ አምና ማንም ያልፈለገውን፣ በር ላይ ቆሞ የልጆቹን ስም ዝርዝርና የጤና ጥያቄ መቆጣጠሩን ወሰድኩ። ሰዓቴ በኖቬምበር መጀመሪያ ሞላ። ከዚያም በላይ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን ጋር እንደነበረ ቀድሜ አውቅ ነበር። ወላጆቹ «ልጄ ጉሮሮውን ይከረክረዋል፤ ላምጣው ወይ?» ብለው የሚደውሉት ለእኔ ሆነ። እንግሊዝኛዋ ይከብዳል ብላ ጥግ ትቀመጥ የነበረችው ሴት የቡድኑ ዋና ሰው ሆነች። አንቺም ውሰጂው።

ስለ ቡድኑ ገንዘብ ደግሞ፣ እንደ እቁብ አድርገሽ እይው። እቁብ ውስጥ ሰብሳቢው ምን ያህል እንደያዘ ሁሉም ያውቃል። ማናጀሯንም በየወሩ ምን ገባ፣ ምን ወጣ ብላችሁ ጠይቁ። ያስቀይማታል ብለሽ አትፈሪ። በተለይ ክፍያው በወር በወር እንዲሆን ለምኑ። አምና የእኛ ማናጀር መጀመሪያ አይሆንም ብላ ነበር። ከኖቬምበር በኋላ ግን ራሷ በወር አደረገችው።

«በዚህ ሁሉ ላይ መጫወቱ ራሱ ይቅርበት?» ካልሽኝ፣ አይቅርበት። ዲሴምበር ላይ ሁሉም ሲዘጋ ከቤታችን ሁለት ብሎክ ያለው የፓርኩ ሪንክ ቀዝቅዞ በረዶ ሆነ። ከሥራ ስገባ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና ጨለማ ነው። ልጄ ትምህርቱ በኮምፒውተር ከመጀመሩ በፊት እዚያ ብቻውን ይንሸራተታል። መብራቱ ሥር የስኬቱ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ክርር፣ ክርር። ወደ ኋላ መንሸራተት አይችልም ነበር። በዚያ ወር ቻለ። ኮች አልነበረውም፤ ማንም አላስተማረውም።

ልምምድ ጃንዋሪ 4 ተከፈተ፤ ጨዋታ ጃንዋሪ 14። የመጀመሪያ ጨዋታችን ቅዳሜ 16 ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከሄልሜታቸው ብረት ሥር ማስክ አድርገዋል። ኮቹ ልጄን ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ብሎ ተከላካይ አደረገው። ሁለተኛው ፔሬድ ላይ ከእሱ አንድ ጭንቅላት የሚበልጥ ልጅ ብቻውን ሲመጣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ተከትሎት፣ ወድቆ ፓኩን (የሆኪውን ጠፍጣፋ ጎማ) በሆዱ አስቀረ። እኔ መስታወቱ ጋ ብቻዬን ነበርኩ። እልል አልኩ። በማስክ ውስጥም ይሰማል። ያ «ወደ ኋላ እያስቀረሽው ነው» ያለኝ አባት በኋላ ፓርኪንግ ውስጥ መስኮቴን አንኳኩቶ «ልጅሽ ተለውጧል» አለኝ።

እንግዲህ እስከ ዓርብ ለማናጀራችሁ ይህን ላኪ፦ «የማኅበሩን እከፍላለሁ። የሆቴሉን ግን ስቴቱ ቢከለክል ገንዘቤ በጥሬው እንደሚመለስ በጽሑፍ ካላየሁ አልከፍልም። በሚኒሶታ ውስጥ ያለ ቶርናመንት ብንመርጥ ደስ ይለኛል።» ብቻሽን አትላኪው። ቢያንስ ሁለት እናቶችን ይዘሽ ላኪ። አንድ ሰው ሲጠይቅ አስቸጋሪ ይባላል፤ ሦስት ሲሆኑ ቡድኑ ጠየቀ ይባላል።

ልጄ አንድ ዓመት ብቻ ያደረገው ቁጥር 4 ስኬት ጋራዥ ውስጥ አለኝ፤ ስለቱ ገና ነው። ለልጅሽ የሚሆን ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አመጣልሻለሁ፤ መንጠቆዋንም እጨምርልሻለሁ።