«ትንሽ ይታሰርና ይማር» ላለሽ ባልሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የ14 ዓመት ልጅሽ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ከጓደኞቹ ጋር ሞባይል ሰርቆ ተይዟል። ባልሽ «ተይው፣ ትንሽ ይታሰርና ይማር» ይላል፣ አንቺ እንቅልፍ አጥተሻል። በእኛም ቤት የደረሰ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድሜ 13 ዓመቱ ነበር። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ጫማ አንስቶ ተያዘ። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልክ እንደ ባልሽ «ይቅመሳት!» አለ፤ ቁርስ እንኳን እንዳንወስድለት ከለከለን። ሁለት ሌሊት ከአዋቂዎች ጋር አደረ። ከተፈታ በኋላ እናቴ ሸሚዙን ልታጥብ ስታነሳው ከኮሌታው ውስጥ በእስክርቢቶ የተጻፈ ስልክ ቁጥር አገኘች። አብሮት የታሰረ ሰው ነው የጻፈለት፣ «ስትወጣ ደውልልኝ፣ ሥራ አሳይሃለሁ» ብሎ። ሰውየው ዳቦውን አካፍሎታል፣ ሌሊት ጃኬቱን ደርቦለታል። እኛ ቁርስ ስንከለክለው እሱ አበላው። አቦ እስቲ አስቢው፣ ልጁ ማንን ይስማ? ደወለለት። ከዚያ በኋላ ያየነውን ዓመታት እዚህ መጻፍ አልችልም።

ሕጉን ያወቅኩት በኋላ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ የአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፣ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋርም አይታሰርም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ከአዋቂ ተለይቶ እንዲያዝ ይላል። ዳኛው ሊገስጸው፣ በቤተሰብ ክትትል ስር እንዲማር ሊያዝ፣ ሲብስ ወደ ጠባይ ማረሚያ ሊልከው ይችላል። ለብዙ ዓመት ሲሠራ የኖረው ማረሚያ ግን አዲስ አበባ ያለው ነው፤ ከድሬ ሆነሽ ልጅ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ዕድሜው 15 ካለፈ ደግሞ ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም የሚጠየቀው በመደበኛው ሕግ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን በማስረጃ ማሳየት ከሁሉም ይቀድማል። ቁመተ ረጅም ከሆነ በግምት 16 ብለው ሊጽፉበት ይችላሉ!

ከዓመታት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ በ14 ዓመቱ ብስክሌት ሰረቀ። አክስቱ የክትባት ካርዱን ይዛ ሮጠች። ዳኛዋ ስለ ትምህርቱ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማታ የት እንደሚያመሽ ጠይቃ ለአክስቱ አስረከበችው። ብስክሌቱን ለባለቤቱ ሲመልስ አብሬ ነበርኩ። የኋላ ጎማው ፈንድቷል። ልጁ መሪውን ይዞ ቆመ፣ ቃል አልወጣው አለ፣ እንባው እጁ ላይ ይንጠባጠባል። ሰውየውም ዝም ብሎ ጠበቀው። የጎማውን ዋጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ብየዳ ቤት እየሠራ ከፈለ፣ ዛሬም እዚያው ነው፣ በር ይሠራል።

ባልሽ ይሄን ማባበል ነው ካለ ይህን ንገሪው። ወንድሜ ጫማውን የሰረቀበት ሰው ፊት አንድ ቀን እንኳን ቆሞ አያውቅም። እኔ ካየሁት ሁሉ የሚከብደው የሰረቁት ሰው ፊት መቆም ነው።

አሁን የልደት ሰርተፊኬቱን ወይ የክትባት ካርዱን፣ ከትምህርት ቤቱም ወረቀት ያዢ። ጣቢያ ስትገቢ መጀመሪያ ከእነማን ጋር እንዳደረ ጠይቂ። ቶሎ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና ለአንቺ እንዲሰጥሽ አመልክቺ። ሞባይሉ ከተገኘ ሽማግሌ ይዛችሁ ወደ ባለቤቱ ሂዱ፣ ልጁም አብሮ ይሂድ። ምሳውንም አትርሺ። እስር ላይ ስልክ ቁጥሩን የሰጠው ሰው ካለ ደግሞ ቀስ ብለሽ ጠይቂው፣ ሳትቆጪ።