ክሎን እያደረግኩ ኔትወርኩ ይቋረጥብኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ የምኖር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የሊኑክስ ከርነልን (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት የሆነውን ፕሮግራም) ኮድ ከነለውጥ ታሪኩ እፈልገዋለሁ። ጊት በሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም ክሎን ብዬ (ሙሉ ቅጂውን ላውርድ ብዬ) ስጀምር ግማሽ ሳይደርስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። እንደገና ስሞክር ከዜሮ ይጀምራል። አራት ጊዜ ሞክሬ ዳታዬ አለቀ። ጓደኞቼ «ዚፑን አውርደህ ተገላገል» ይሉኛል። በሌላ ትንሽ ፕሮጀክት ላይ ደግሞ ፑል ሳደርግ (አዲሱን ለውጥ ከሰርቨር ሳመጣ)፣ የነካካኋቸው ፋይሎች ይጠፋሉ ብሎ እምቢ አለኝ። ምን ይሻለኛል፣ እህቴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዚፑን ተወው። ዚፕ የሚሰጥህ የዛሬውን ፋይል ብቻ ነው። ነገ አዲስ ነገር ሲጨመር ሙሉውን መልሰህ ልታወርድ ነው። ክሎን ግን ታሪኩን በሙሉ ላፕቶፕህ ላይ ያስቀምጥልሃል። ከርነሉ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) አለው። አንድ መስመር ግራ ሲያጋባህ ጊት ብሌም በል፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ኮሚት እንደጻፈው ያሳይሃል። የኮሚቱን መልእክት ስታነብ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ተብራርቶ ታገኘዋለህ። እኔ የሰው ኮድ ማንበብ የተማርኩት እንዲህ ነው። ጊት ራሱ የተወለደው ለዚሁ ፕሮጀክት ነው፤ ከርነል ሠሪዎቹ በነፃ ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ሲከለከላቸው የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በኤፕሪል 2005 እ.ኤ.አ. ጻፈው።

አሁን ወደ ችግርህ። ጊት የተቋረጠ ክሎንን ካቆመበት አይቀጥልም። ሰርቨሩ በተጠየቀ ቁጥር አዲስ ጥቅል አዘጋጅቶ ነው የሚልከው። ስለዚህ ቀድሞ የወረደው ግማሽ ከሚቀጥለው ጋር አይገጥምም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እኔም ሦስት ሌሊት ቢሮ አድሬ ሞክሬዋለሁ። አልሆነልኝም። በአራተኛው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንዲት ፋይል በፍላሽ አመጣልኝ። በንድል ትባላለች። ሙሉው ሪፖ (የፕሮጀክቱ ማኅደር)፣ ታሪኩም ጭምር፣ በአንድ ፋይል ታስሮ ማለት ነው። ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ እስከዛሬ አልረሳውም።

ላንተም መፍትሔው እሱ ነው። ከርነል ዶት ኦርግ ላይ ክሎን ዶት በንድል የሚባል ፋይል ተቀምጧል። ተራ ፋይል ስለሆነ ካቆመበት ይቀጥላል። ደብሊውጌት በሚባለው የማውረጃ ትእዛዝ፣ ሰረዝ ሲ (-c) ጨምረህ አውርደው። ቢቋረጥ ያንኑ ትእዛዝ ድገመው፤ ሁለት ሦስት ሌሊት ቢፈጅም የወረደው አይባክንም። ሲያልቅ ጊት ክሎን ብለህ በአድራሻው ፋንታ የፋይሉን ስም ስጠው። ከዚያ በጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል ኦሪጅንን (ሪፖው አዲሱን ከየት እንደሚያመጣ የሚያመለክተውን ስም) ወደ ትክክለኛው አድራሻ መልሰው። ከዚህ በኋላ ፑል ስትል የሚመጣው በንድሉ ከተሠራ ወዲህ የተጨመረው ብቻ ነው። ታሪኩ ባያስፈልግህ ኖሮ የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ የሚያመጣውን ዴፕዝ 1 የሚለውን አማራጭ እነግርህ ነበር። አንተ ግን ታሪኩን ነው የፈለግኸው።

ፑሉ እምቢ ያለህ ላንተው አስቦ ነው። ኮሚት ያላደረግከው ለውጥ አለህ፤ የሚመጣውም እዚያው ፋይል ላይ ነው። መጀመሪያ ጊት ስታተስ ብለህ የነካካኸውን እይ። ለውጡን ከፈለግከው በራስህ ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ላይ ኮሚት አድርገው፣ ወይም በጊት ስታሽ ለጊዜው አስቀምጠው። ከዚያ ፑል። እኔ ግን በፌች መጀመርን እመርጣለሁ። ፌች አዲሱን ያመጣል እንጂ ፋይሎችህን አይነካም፤ ምን እንደመጣ አይተህ ስትረጋጋ መርጅ ታደርጋለህ (ከራስህ ሥራ ጋር ታዋህደዋለህ)። ፑል ማለት እነዚህ ሁለቱ በአንዴ ናቸው። አደራ፣ ሰው «ሪሴት ሃርድ በል» ቢልህ እሺ እንዳትል። ኮሚት ያልሆነውን ሥራህን ይደመስሰዋል። የሁለት ቀን ልፋቴ እንዲሁ ጠፍቶብኝ አልቅሻለሁ።

ከርነሉ አንዴ ከገባልህ ለዶርም ጓደኞችህም በፍላሽ አዳርሳቸው። እነሱም እንዳንተ ዳታቸውን አይጨርሱ። የፍላሹ ፎርማት ፋት32 ከሆነ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጠህ በኤክስፋት ፎርማት አድርገው።