ጨው ተቀንሶ ወጥ እንዴት ይጥማል? ምላስ ጨውን ስለሚያውቅበት መንገድ

ሰላም ለእርስዎ እህቴ። «እናቴ የደም ግፊት ስላለባት ሐኪሙ ጨው እንድትቀንስ ነግሯት ነበር፤ ያለ ጨው የሠራሁላትን ወጥ ግን ሁለት ጊዜ ጎርሳ ትገፋዋለች፣ ከስታለችም፤ ጨው ሳይበዛ ጨው ጨው እንዲል ማድረግ ይቻላል ወይ?» ብለው የጠየቁትን አነበብሁ። አዎ፣ ይቻላል። እኔ ሱሉልታ ዳር ከእናቴ ጋር የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ይኸው ጥያቄ በቤታችን ሦስት ዓመት ስላከራከረን፣ የተማርሁትን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

አስቀድሞ ምላስ ጨውን እንዴት እንደሚያውቅ መረዳት ይጠቅማል፤ የማእድ ቤቱ ዘዴ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። የምንበላው ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ሲሆን ከክብደቱ 39 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ነው። ደረቁ ቅንጣት ምላስ ላይ ስላረፈ ብቻ ጣዕም አይሰጥም፤ በምራቅ ሟሙቶ ሶዲየሙና ክሎራይዱ መለያየት አለባቸው። በምላሳችን ላይ በሚታዩት ጥቃቅን እባጮች ውስጥ የጣዕም እንቡጦች አሉ፤ በእያንዳንዱ እንቡጥ ከ50 እስከ 100 የሚደርሱ ሕዋሳት እንደ ነጭ ሽንኩርት ተጠጋግተው ቆመው፣ ጫፋቸው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ በኩል ከምራቁ ጋር ይገናኛል። በ2010 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአይጦች ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሕዋሳቱ አንዳንዶቹ ሶዲየምን የሚያስገባ ልዩ በር አላቸው። ሶዲየሙ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይዞ ሲገባ ሕዋሱ ይነቃቃል፣ መልእክቱንም ለነርቭ ያቀብላል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2020 እንዳረጋገጡት፣ ይህ ሕዋስ መልእክቱን ለማስተላለፍ እንደ ጣፋጭና እንደ መራራ ሕዋሳት ካልሲየም አያስፈልገውም፤ የኤሌክትሪኩ ለውጥ ራሱ ይበቃዋል። ጨው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ በ2013 እንደ ታወቀው የመራራና የኮምጣጣ ሕዋሳት አብረው ይነቃሉ፤ እንስሳው ከምግቡ የሚሸሸውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሰው ምላስ ከአይጥ በአንድ ነገር ይለያል። አሚሎራይድ የተባለው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የአይጡን የሶዲየም በር ሲዘጋው አይጡ ደስ የሚለውን የጨው ጣዕም ያጣል፤ በሰው ምላስ ላይ ሲደረግ ግን ጨዋማነቱ እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ እኛ ጨውን በዋናነት የምናውቀው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው። ክሎራይዱም ድርሻ አለው፤ ሶዲየም ከሌላ ነገር ጋር ሲጣመር የዚያን ያህል ጨዋማ አይሆንም። (እኔም በተማሪነቴ ጨው የሚታወቀው በምላስ ጎን ብቻ ነው ተብዬ ተምሬያለሁ። ይህ በ1901 አንድ ጀርመናዊ የጻፈው ነገር በኋላ በስሕተት በመተርጎሙ የመጣ ነው፤ የጣዕም እንቡጥ ያለበት የምላስ ክፍል ሁሉ ጨውን ያውቃል።)

ከዚህ የምንይዘው ቁም ነገር፣ ምላስ የሚቆጥረው ድስቱ ውስጥ የገባውን ጨው ሳይሆን በዚያች ቅጽበት በምራቁ ውስጥ ሟሙቶ የደረሰውን መሆኑን ነው። ድንች ውስጥ ሰርጎ ከምራቅ ጋር ሳይገናኝ የተዋጠ ጨው ለደም ሥር እንጂ ለምላስ አይደርስም። አንድ ቀን ይህን ለማየት ሁለት ድንች ቀቀልሁ። አንዱን እንደ ልማዳችን ጨው ባለው ውኃ ቀቀልሁት፤ ሌላውን ያለ ጨው ቀቅዬ፣ ከፍዬ፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት የወቀጥሁትን ጨው በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ላዩ ላይ ነሰነስሁበት። እናቴ ሁለቱንም ቀምሳ «ይኸኛው ነው ጨው የገባበት» ብላ ያነሣችው ሁለተኛውን ነበር። የደቀቀ ጨው ቶሎ ስለሚሟሟ፣ ላይ ላይ ያለውም ምላስን ቀድሞ ስለሚያገኝ፣ ለድንች፣ ለእንቁላልና ለቅንጬ ይህ ዘዴ በጣም ይሠራል። ለወጥ ግን ጨው በፈሳሹ ውስጥ እኩል ስለሚሟሟ ጥቅሙ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመሩ ይሻላል፣ መረቁ ውስጥ ቀርቶ ወደ አትክልቱ ብዙ አይሰርግምና።

በቤታችን ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ይህ አልነበረም። ወጡ ላይ ምንም ጨው ሳንጨምር ለወራት ቆይተን የእናቴ ግፊት አልወርድ ሲል፣ ከየት እንደሚመጣ ስፈልግ በርበሬው ላይ ደረስሁ። በርበሬያችን ሲዘጋጅ ከኮረሪማው፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም በዚያው በርበሬ ተቀላቅሎ ሲፈጭ ብዙ ጊዜ ጨው ይጨመርበታል፤ ሚጥሚጣውም እንደዚሁ ነው። አንድ ጭልፋ ሽሮ ድስት ውስጥ ስናደርግ ማንም ያልቆጠረው ጨው አብሮ ይገባል። እናቴ ቡናዋን በጨው የምትጠጣ ሰው መሆኗን ሲጨምሩበት፣ በቀን ሦስት ስኒ ማለት ነው፣ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚመክረው፤ ይህም ሙሉ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ስለዚህ በሚቀጥለው በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጁ ጨው እንዳይገባበት ያድርጉ፤ ያን ጊዜ እናትዎ የሚበሉትን ጨው በእጅዎ መለካት ይችላሉ፤ ከተለካው ላይም ምላሳቸውን የሚደርስ ቦታ ላይ ያውሉታል።

ጨዋማነትን ከፍ የሚያደርጉ አጋዦች ደግሞ አብዛኞቹ በቤታችን አሉ። መጠነኛ ጎምዛዛ ነገር ጨውን ያጎላዋል፤ በደንብ የቦካ እንጀራ ጨው የሌለበት ሆኖ ሳለ ወጡን የሚያግዘው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ለአልጫው ከምድጃ ካወረድሁት በኋላ ጥቂት ሎሚ እጨምቅበታለሁ፤ የሎሚው ጣዕም ጎልቶ ሳይሰማ ማቆም ግን ያስፈልጋል። መዓዛም ሌላው ነው፤ አንጎል ጣዕምንና ሽታን አንድ ላይ ስለሚያነብ፣ በጨዋማ ምግብ የለመድነው መዓዛ ሲመጣ ጨው የበዛ ይመስለናል። ነጭ ሽንኩርት፣ ኮሰረትና በሶብላ ያለበት ንጥር ቅቤ (ያለ ጨው የተነጠረ) በመጨረሻ ላይ ጠብ ማድረግ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ሠርቶልኛል። ቲማቲምን ውኃው እስኪደርቅ በደንብ ማቁላላትና እንጉዳይ መጨመር ደግሞ ጃፓኖች በ1908 ኡማሚ ብለው የሰየሙትን የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕም ይሰጣል፤ ጨው ሲጎድል የሚሰማውን ባዶነት ይሞላል። ቃሪያም ይረዳል፦ በ2017 በቻይና በ606 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት የሚያቃጥል ምግብ የሚወዱት ጨው አነስ አድርገው እንደሚበሉ፣ የደም ግፊታቸውም ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ጨጓራ ካላስቸገራቸው ያለ ጨው የተዘጋጀ ሚጥሚጣ ይሞክሩላቸው።

በጃፓን በ2024 ለገበያ የቀረበ ማንኪያ አለ፤ በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ምግቡ ውስጥ አሳልፎ የሟሟውን ሶዲየም ወደ ምላስ ያሰባስባል። ለእኛ ኑሮ ሩቅ ነው፤ የጨው ነገር ምላስ ላይ በሚደርሰው መጠን እንደሚወሰን ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

እባክዎ ይህን በጥንቃቄ ያንብቡ። «የግፊት ጨው» እየተባለ የሚሸጠው፣ ከሶዲየም ክሎራይድ ከፊሉ በፖታስየም ክሎራይድ የተተካ ጨው፣ ለብዙ ሰው ጠቃሚ ነው፤ በ2021 ውጤቱ የታወጀው የቻይና የገጠር ጥናት፣ በ600 መንደሮች ወደ 21,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተደርጎ፣ 25 በመቶ ፖታስየም ክሎራይድ ያለው ጨው ስትሮክን 14 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። እኔም ይህን አንብቤ ደስ ብሎኝ ገዝቼ፣ እናቴ «ብረት ብረት ይላል» እያለች ለሁለት ሳምንት በላችው። ክትትል ስንሄድ ነርሷ እናቴ የምትወስደው የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል መሆኑን አይታ፣ ያውም ኩላሊቷ ደከም ያለ ስለነበር፣ በዚያው ቀን አስቆመችን፤ ይህ መድኃኒትና የደከመ ኩላሊት ፖታስየምን በደም ውስጥ ያከማቻሉ፣ ይህም ልብን ሊያቆም ይችላል። ያን ቀን የተሰማኝን ድንጋጤ አልረሳውም። ስለዚህ የእናትዎን የመድኃኒት ስምና የኩላሊት ምርመራ ለሐኪማቸው ሳያሳዩ ይህን ጨው ቤት አያስገቡ።

የመጨረሻው የጊዜ ጉዳይ ነው። ምራቃችን ራሱ ጥቂት ሶዲየም አለው፤ ምላስም ከለመደው መጠን ጋር እያነጻጸረ ነው ጨውን የሚለካው። ጨው የቀነሱ ሰዎች ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አነስ ያለውን መጠን መውደድ ይጀምራሉ። እናትዎ የሚከሱት በአንድ ጊዜ ስለ ተቆረጠባቸው ይመስለኛል፤ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው የለመዱትን ይመልሱላቸውና በየሁለት ሳምንቱ ሩቡን ይቀንሱ፤ የቀረውም ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን። እናቴ የቡናዋን ጨው የተወችው በሦስተኛው ወር ነው፤ ባለፈው ጎረቤት ዝክር ተጠርታ ሄዳ ከወጡ ጥቂት ብቻ በልታ እንጀራውን ለብቻው ጨምሩልኝ ማለቷን ነገሩኝ። ክብደታቸውን ግን በየሳምንቱ ይመዝኑ፤ መቀነሱ ካላቆመ የጨው ነገር ይቆይና ሌላ ምክንያት እንዳለ ቶሎ ይመርመሩ።