የተደበቀው ፎልደር የት ሄደ? ስለ ፋይል አትሪቢዩት ጥያቄና መልስ

ስለ ፋይል አትሪቢዩት፣ ማለትም ፋይሉ ወይም ፎልደሩ የተደበቀ ነው፣ የሚነበብ ብቻ ነው እያሉ ስለሚለጠፉበት ምልክቶች፣ የመጣላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙው ጥያቄ የፍላሽ ጣጣ ስለሆነ ከሱ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ፍላሼን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቼ ስመለስ ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁኝ። ግን 6 ጊጋባይት ተይዟል ይላል። ፋይሎቼ ጠፉ?

መልስ፦ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ቦታው መያዙ ራሱ ምስክር ነው። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ሂደን (የተደበቀ) እና ሲስተም (የዊንዶውስ የራሱ) የሚል ምልክት ሰጥቶ፣ በስማቸው ሾርትከት ተክቷል። ሾርትከቱን እንዳትነካው፤ የምታስነሳው ቫይረሱን ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩንም ፍላሹንም በአንቲቫይረስ አጽዳ። አለዚያ አንተ ስትገልጥ እሱ ሲከድን ትውላላችሁ። ከዚያ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍተህ አትሪብ ብለህ ጻፍ። ቀጥሎ ሰረዝ ኤች (ሂደንን አንሳ)፣ ሰረዝ ኤስ (ሲስተምን አንሳ)፣ ሰረዝ አር (ሪድ ኦንሊን፣ ማለትም የሚነበብ ብቻ የሚለውን አንሳ)፤ የፍላሹ ፊደል ከነኮሎኑ፣ ባክስላሽ፣ ኮከብ ነጥብ ኮከብ፤ መጨረሻ ላይ ስላሽ ኤስ እና ስላሽ ዲ። ስላሽ ኤስ ውስጥ ድረስ ይገባል፣ ስላሽ ዲ ፎልደሮቹንም ይጨምራል። ብዙ ሰው ስላሽ ዲን ይረሳና "አልሠራም" ይላል።

ጥያቄ፦ እኔ ሰረዝ ኤች ብቻ ሰጥቼው እምቢ አለኝ።

መልስ፦ ሲስተም ስለሆነ ነው። አትሪብ በሲስተም ፋይል ላይ ሂደንን ነጥሎ አያነሳም። ሁለቱን ባንድ ትእዛዝ አንሳ።

ጥያቄ፦ በቪቢስክሪፕት (በዊንዶውስ የስክሪፕት ቋንቋ) የአንድ ፋይል አትሪቢዩት ሳስነብበው 38 አለኝ። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ድምር ነው። ሪድ ኦንሊ 1፣ ሂደን 2፣ ሲስተም 4፣ ፎልደር 16፣ አርካይቭ (ባክአፕ ይፈልጋል የሚለው ምልክት) 32 ናቸው። የሚዛን ድንጋይ አስብ፤ እያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ ነው፣ ድምሩን አይተህ የትኞቹ እንደተጫኑ ታውቃለህ። 38 ማለት 32 እና 4 እና 2። ያው ቫይረስ የደበቀው ፎልደር ደግሞ 22 ይልሃል፦ 16 እና 4 እና 2።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሂደኑን ለማጥፋት 2 ልቀንስ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ፋይሉ ሂደን ካልነበረስ? ከ32 ላይ 2 ስትቀንስ 30 ይሆናል፤ ያ ሌላ ጉድ ነው። ምልክቶቹን አንድ በአንድ የሚነኩ የስክሪፕት ትእዛዞች አሉ፤ ለመጨመር ኦር 2፣ ለማንሳት ኤንድ ኖት 2 በል። ኤክስኦር ግን ይገለብጣል፦ የተደበቀውን ይገልጣል፣ የተገለጠውን ይደብቃል። እኔ ራሴ አንዴ ግማሹ በተደበቀ ፎልደር ላይ ኤክስኦር ለቅቄ፣ የጠፋው ተገኝቶ የነበረው ጠፋ። ሁለተኛ ሳስኬደው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከመቀየርህ በፊት አንብብ።

ጥያቄ፦ በፓወርሼል (በሌላው የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) የተደበቁትን ጭራሽ አያሳየኝም።

መልስ፦ ጌት ቻይልድአይተም ላይ ሰረዝ ፎርስ ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ፎልደሩን ሪድ ኦንሊ ባደርገው ሰው አይጽፍበትም አይደል?

መልስ፦ ይጽፍበታል። ዊንዶውስ ላይ የፎልደር ሪድ ኦንሊ ለይስሙላ ነው። ሰው ለመከልከል ከፈለግሽ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለው ጋ ሂጂ። ሂደንም እንደዚሁ ነው፤ መጋረጃ እንጂ ቁልፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ በፓይተን ፕሮግራም ብጽፍስ?

መልስ፦ ለማንበብ ኦኤስ ስታት አለ፤ ከ3.5 ጀምሮ ዊንዶውስ ላይ ያንኑ ድምር ይሰጣል። በኦኤስ ሲኤችሞድ ግን ዊንዶውስ ላይ የምትቀይረው ሪድ ኦንሊን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኜም የማይሰረዝ ፋይል ገጠመኝ። ቫይረስ ነው?

መልስ፦ ኤልኤስአትር በሚለው ትእዛዝ እየው። አይ የሚል ፊደል ካለበት አንድ ሰው ቆልፎታል። ቻትር በሚለው ትእዛዝ ሰረዝ አይ ስትለው ይለቃል። ግን ማን እንደቆለፈው መጀመሪያ ጠይቅ።